የዚኒያ ዘሬን ምን ነካው? ድርብ ዘርቼ ነጠላ በቀለ

ማርቆሴ (ደብረ ማርቆስ)
ጥቅምት 24፣ ምሽት 2፡10

እንዴት አመሻችሁ የጓሮ ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ሆዴን በልቶኛል።

አምና እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ፓኬት የዚኒያ አበባ ዘር ይዛልኝ መጣች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘራሁት። ጥቅምት ላይ የወጣውን ባያችሁት! ድርብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ስፋቱ የቡና ስኒ አፍ የሚበልጥ፣ ቀለሙ ደም የመሰለ ቀይ። መንገደኛው ሁሉ አጥራችን ላይ እየቆመ ያይ ነበር። ሲደርቅ ራስ ራሱን ለቀምኩና በወረቀት ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ዘንድሮ ያንኑ ዘራሁ። 31 ተክል በቀለ። ከ31ዱ ድርብ የሆነው 4 ብቻ ነው። ሌላው ነጠላ። ልክ እንደ አደይ አበባ ዳሩን አንድ ዙር ቅጠል፣ መሃሉ ገላጣ። ቀዩም ጥቂት ነው። ሐምራዊ አለ፣ የደበዘዘ ሮዝ አለ፣ አንዱ ደግሞ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ይባስ ብሎ ታችኛው ቅጠል ላይ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ወጣ።

እናቴ "ዓይን ነው፤ አምና አጥሩ ላይ ሲገተሩ የነበሩት ናቸው" ብላ ደምድማለች። ጎረቤታችን "መሬቱ ሰልችቶታል" አለ። እኔ ዘሩን ሳስቀምጥ አበላሽቼው ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ።


አረም_አልወድም (ሞጣ)
ጥቅምት 24፣ ምሽት 2፡31

ነጠላውን ሁሉ ንቀልና ተገላገል። በሚቀጥለው አዲስ ፓኬት ግዛ። አለቀ።


ቡሬ_ዳሞት (ቡሬ)
ጥቅምት 24፣ ምሽት 3፡05

ወንድሜ፣ ፓኬቱ ካለህ እስኪ ገልብጠህ እየው። "ኤፍ 1" (የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል) የሚል አለበት?

የምጠይቅህ ለምን መሰለህ። አባቴ ቢኤች 660 የሚባለውን ድቅል በቆሎ ይዘራል። የመጀመሪያው ዓመት ማሳው በገመድ የተለካ ይመስላል፤ ሁሉም እኩል። አንድ ዓመት ምርጥ ዘር ሳይደርሰን ቀረና ከጎተራ የራሳችንን ዘራን። አንዱ ቤት ያክላል፣ አንዱ ጉልበት አይደርስም፣ አንዱ ዘንግ ላይ ጥርሱ የወለቀ በቆሎ ነው። ዘሩ ስለተበላሸ አይደለም። እንዲህ ያለው ምርጥ ዘር የሚገኘው የተለያዩ ወላጆችን አዳቅሎ ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የልጅ ልጆቹ ላይ ግን የአያቶቹ ጠባይ እየተበታተነ ብቅ ይላል። አበባም ቢሆን ያው ነው።


ማርቆሴ
ጥቅምት 25፣ ጠዋት 1፡15

ቡሬ፣ ፓኬቱን እናቴ መርፌና ክር አስቀምጣበት አገኘሁት። አለበት! በትንሹ ጥግ ላይ "ኤፍ 1" ይላል። አምና ጭራሽ አላየሁትም።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቀለሙ ይበታተን እሺ። ይሄ ሁሉ ነጠላ ከየት መጣ?


የቀፎ_ጌታ (አዴት አካባቢ)
ጥቅምት 25፣ ጠዋት 3፡40

ልጄ፣ ዓይን የሚባለውን ተወው። ለግማሹ ጥፋት ተጠያቂዎቹ የኔ ዘመዶች ናቸው። ንቦች።

አንድ ልጠይቅህ። በአቅራቢያህ ሌላ ዚኒያ የተከለ አለ? ሩቅ ነው ብለህ እንዳትተወው። ንብ ለቀሰም ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።


ማርቆሴ
ጥቅምት 25፣ ቀትር 6፡20

አያ፣ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከኛ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ማን እንደዘራው አይታወቅም፤ በየዓመቱ ራሱ ይበቅላል። አሁን ሳስበው ሁሉም ነጠላ ነው። ሐምራዊና ሮዝ ይበዛበታል።


የቀፎ_ጌታ
ጥቅምት 25፣ ቀትር 6፡48

ተገኘ።


የጣና_ዳር_ጓሮ (ባሕር ዳር)
ጥቅምት 25፣ ምሽት 1፡30

ማርቆሴ ልጄ፣ 20 ዓመት ያህል ዚኒያ ዘርቻለሁ። ይሄ ነገር የገባኝ ግን አበባዋን በጥፍሬ ከፍቼ ያየሁ ቀን ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። አንድ የደረቀ ራስና አንድ ለጋ ነጠላ አበባ ቆርጠህ ቁጭ በል። ሥሩ ጋዜጣ ዘርጋ።

መጀመሪያ ነጠላዋን ያዝ። እኛ "አንድ አበባ" የምንላት አንድ አይደለችም። ሠርግ ቤት ናት። ዳር ዳሩን ያለው ባለቀለም ቅጠል እያንዳንዱ ለብቻው አበባ ነው። ሴት አበባ ነው፤ ብናኝ የለውም። መሃል ላይ ደግሞ ከሽንብራ ያነሱ፣ ኮከብ የሚመስሉ ቢጫ ነገሮች ታያለህ። እነሱም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። እነዚህ ወንድም ሴትም ናቸው። ብናኙ ያለው እነሱ ጋ ነው። በጣትህ ነካ ብታደርጋቸው ቢጫ ይይዝሃል።

አሁን ድርብ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። መሃል ያሉት ቢጫዎቹ አብዛኞቹ ወደ ባለቀለም ቅጠል ተለውጠዋል ማለት ነው። እኛ "አቤት ማማሯ" እንላለን። እሷ ግን ዘር የሚይዙ ሴቶች ሞልተውባት ብናኝ የሚሰጣት አጥታለች። ታዲያ ብናኙ ከየት ይምጣ? ካላቸው ዘንድ። ያላቸው ደግሞ ነጠላዎቹ ናቸው። ንቧ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተሸክማ አንተ ጋ ለአፍታ ብታርፍ በቂ ነው። አምና የለቀምከው ዘር እናቱ የአንተ ቀይ ድርብ ናት፤ የብዙው አባት ግን አጥር ጥግ ያለው ነው።

ስለዚህ ቡሬ ያለውም እውነት ነው፣ አያ ያሉትም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ገጠሙህ።

ወደ ደረቁ ራስ እንምጣ። ከዳር አንዱን የደረቀ ቅጠል ያዝና ቀስ ብለህ ሳብ። ከሥሩ የቀስት ጫፍ የመሰለ ግራጫ ዘር ተያይዞ ይወጣል። በአውራ ጣትህ ጥፍር ተጫነው። እጥፍ ካለ ባዶ ገለባ ነው። ከጠነከረ ውስጡ ፍሬ አለ። መሃል ካሉት የሚወጣው ዘር ደግሞ ቀጠን ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ዳሩ ላይ ስስ ክንፍ ነገር አለው። ድርብ የመሆን ዕድሉ የትኛው ላይ ይሻላል ብትለኝ፣ እኔ ሁልጊዜ የዳር ዳሩን ብቻ ነው የምይዘው። ልማድ በለው።


ማርቆሴ
ጥቅምት 25፣ ምሽት 2፡02

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው እንዴ አበባ አለኝ የምለው። ነገ ጋዜጣ እዘረጋለሁ።


ዓባይ_ማዶ (ደጀን)
ጥቅምት 25፣ ምሽት 2፡15

ኑግም እንደዚህ አይደል? እኛ ማሳ ላይ አሁን ቢጫ ለብሷል። ዳሩ ቅጠል፣ መሃሉ ጥቃቅን።


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 25፣ ምሽት 2፡40

ጎበዝ። ኑግ፣ አደይ አበባ፣ ሱፍ፣ ግራዋ ሳይቀር የዚኒያ ዘመዶች ናቸው። የሜዳችን ዝምድና ሰፊ ነው። ልዩነቱ ዚኒያ ከሜክሲኮ የመጣች እንግዳ መሆኗ ነው። ለዚህ ነው ብርድ የማይስማማት።


ከእንጅባራ
ጥቅምት 26፣ ጠዋት 2፡00

"ብርድ የማይስማማት" ሲባል ልቤ ተነካ። ሁለት ዓመት ሞከርኩ እኮ። መስከረም ላይ እዘራለሁ፣ ቡቃያው ይወጣል፣ ከዚያ እንደተቀየመ ሰው ቆሞ ይቀራል። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ ጠዋት ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ይጠብቀኛል። አፈራችንም ቀይና ኮምጣጣ ነው። ተስፋ ልቁረጥ?


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 26፣ ጠዋት 4፡10

ተስፋ አትቁረጥ፤ ወሩን ቀይር። ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ሆነህ የባሕር ዳርን ካሌንደር መከተል አይሆንም። ዚኒያ አፈሩ ሞቅ ካለ በ5 በ6 ቀን ትወጣለች። ከቀዘቀዘ ትቆዘማለች። አንተ ውርጩ ሲያልፍ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ዝራ። ውሃ ማጠጣት ይኖርብሃል። በግንቦት ታብባለች፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ ትጠግባታለህ።

ዘሩን ከግማሽ ሴንቲ በላይ አትቅበረው። ችግኝ አፍልተህ ማዛወርን አትወድም፤ ሥሯ ሲነካ ታኮርፋለች። ባለችበት ዝራና አሳሳ። ለኮምጣጣው አፈር ከምድጃ የተጠረገ አመድ ጥቂት ጣል አድርግበት። ጥቂት ነው ያልኩት! ፍግም አታብዛ። ፍግ የበዛባት ዚኒያ ቅጠሏ ጎመን ያክላል፤ አበባ ግን ትረሳለች።


አረም_አልወድም
ጥቅምት 26፣ ጠዋት 4፡22

ስለ ነጩ ዱቄት ማንም አልመለሰለትም እኮ። ልጁ ሁለት ነገር ነው የጠየቀው።


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡05

እውነትህን ነው።

ዚኒያን በእኛ አገር ሁለት በሽታ ይፈራረቅባታል፤ ሰው ግን አንድ ያደርገዋል። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ሲደጋገም፣ ቅጠሏ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። መሃሉ ግራጫ፣ ዳሩ ቀላ ያለ ነው። እሱ ውሃ ይወዳል። ከዘር ጋርም ይተላለፋል፤ ስለዚህ እንደዚያ ከታመመ ተክል ዘር አትያዝ።

የአንተ ነጩ ዱቄት ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ነው። ቀኑ ደረቅና ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድና እርጥብ አየር ሲሆን። ጥቅምትና ኅዳር ማለት ነው። ከሌሎቹ የሚለየው፣ ለመያዝ ቅጠሉ ላይ ውሃ መቆም አያስፈልገውም። ነፋስ ያመጣዋል፤ ችፍግ ብሎ የተተከለና አየር የማያልፍበት ቦታ ካገኘ ይሰፍራል። እስኪ ንገረኝ፣ በመካከላቸው ስንት ተውክ?


ማርቆሴ
ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡20

ኧረ በማርቆስ! መሃላቸው አንድ ስንዝር አይሞላም። ቦታ አነሰኝና…


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡33

ተያዝክ። ቢያንስ 30 ሴንቲ ያስፈልጋል። አሁን የታመሙትን የታች ቅጠሎች በጠዋት ቆርጠህ አውጣ፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣላቸው። ጥቂት ተክል ከመሃል ነቅለህ አየር ስጥ። አንድ እጅ ወተት ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ፣ ፀሐይ ባለበት ጠዋት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጤነኛው ቅጠል ላይ ርጭ። ሕመሙን ያዘገያል። የታመመውን ግን አይመልስም። የድኝ ዱቄት የሚጠቀሙም አሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ቅጠል ያቃጥላል።


ዓባይ_ማዶ
ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡50

ወተት ለአበባ! እኛ ቤት ይሄን ብናገር ከቤት እባረራለሁ 😄


ቡሬ_ዳሞት
ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡54

ጊዜውን አላየህም እንዴ? ዘመነ ጽጌ ነው። ጽጌን የሚጾም ቤት ካለ ወተቱ ተርፏል። ነሐሴ 20 የዘራ ሰው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሊያብብለት ነው፤ ልክ በአበባው ወቅት። እንዲያውም የተመቻቸ ነው።


ነጭ_ጋዋን (ባሕር ዳር)
ጥቅምት 26፣ ሌሊት 5፡40

ፈተና ላይ ነኝ፣ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። የማርቆሴ እናት "ዓይን ነው" ያሉት ያለ ነገር አይደለም!

ዚኒያ የሚለው ስም የመጣው ከጀርመናዊው ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ነው። ከ1727 እስከ 1759 እ.ኤ.አ. የኖረ ሰው ነው፤ በ31 ዓመቱ ሞተ። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው። ዚን የጎቲንገን የእጽዋት አትክልት ቦታ ኃላፊ ነበር። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ግን የምናውቀው በአናቶሚ፣ በሰውነት አሠራር ጥናት ነው። ስለ ዓይን አሠራር አጥንቶ የጻፈ ነው። የዓይናችንን ሌንስ ወጥረው የያዙት ስስ ክሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ነገ የምፈተነው እሱኑ ነው።

ሻጋታውን በተመለከተም ማርቆሴ አይፈር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ዚኒያ ሲተክሉ እርጥበቱ በዛና ሻጋታ መታባቸው። አየር ማራገቢያ ጨመሩ፣ የታመመውን ቆርጠው ጣሉ። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ስኮት ኬሊ የሚባለው ጠፈርተኛ ያበበችውን ፎቶ አንሥቶ ለቀቀ። እትዬ የነገሩህን ነው ያደረጉት ማለት ነው፣ ወተቱ ሲቀር።


ማርቆሴ
ጥቅምት 27፣ ጠዋት 1፡10

ለእናቴ አነበብኩላት። "አላልኩም?" አለች። በቃ ከእንግዲህ በዚህ ቤት አልከራከርም።


ፍኖተ_ሰላም_ካፌ
ጥቅምት 27፣ ጠዋት 3፡25

ይቅርታ በሰው ክር ገባሁ። እኔ ለጠረጴዛ ነው የምዘራው። ፓኬቴ ላይ ቁመት 90 ሴንቲ ይላል። የእኔ ግማሽ ሜትር ሳትሞላ አበባ አወጣች። ዘንጓ አጭር ስለሆነ ጠርሙስ ውስጥ ትሰምጣለች። ተታለልኩ?


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 27፣ ቀትር 7፡00

አልተታለልክም። ፓኬቱ የተጻፈው ለሩቅ አገር ነው። ዚኒያ የቀኑን ርዝመት ትቆጥራለች። ቀን ሲያጥር ቶሎ ለማበብ ትቸኩላለች፤ ቀን ሲረዝም መጀመሪያ ቁመቷን ትጨምራለች። አውሮፓ በበጋቸው 16 ሰዓት ብርሃን አላቸው። እኛ ጎጃም ውስጥ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። ጥቅምት ላይማ ከ12 ሰዓት በታች ወርዷል። ምስኪኗ "ክረምቱ መጣብኝ" ብላ በቁመቷ አጋማሽ ላይ ታብባለች።

ዘዴ አለው። ስንዝር ተኩል ስትደርስ አናቷን ከሦስተኛው የቅጠል ጥንድ በላይ ቁረጠው። ያማል፤ እኔም መጀመሪያ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ግን ከየብብቱ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። የመጀመሪያውንም እንቡጥ አትሳሳለት፣ ከሥር ድረስ ዝቅ ብለህ ቁረጠው። ቀጥሎ የሚመጣው ዘንግ ይረዝማል።

ለጠረጴዛ ስትቆርጥ ደግሞ አበባዋን አትይ፣ አንገቷን ፈትን። ከአበባዋ አንድ ስንዝር ዝቅ ብለህ ዘንጉን ያዝና ወዝወዝ አድርግ። አንገቷ ከተልፈሰፈሰ ገና ናት፤ ብትቆርጣት በማግሥቱ ትደፋለች። ቀጥ ካለች ውሰዳት። ውሃውን በየቀኑ ቀይር።


አረም_አልወድም
ጥቅምት 27፣ ቀትር 7፡30

ወደ ማርቆሴ ልመለስ። እኔ አሁንም ነጠላውን ይንቀል ባይ ነኝ። ድርብ ከፈለገ መጥፎውን ማስወገድ አለበት።


የቀፎ_ጌታ
ጥቅምት 27፣ ቀትር 8፡05

"መጥፎውን" አትበለኝ። ንቤ የምትበላው ነጠላውን ነው። ድርቡ ላይ ስትዞር አይቻታለሁ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ አፍንጫዋን የምታስገባበት ታጣለች፣ ተበሳጭታ ትሄዳለች። ኑጉ ካለፈ በኋላ ቀሰም ሲሳሳ አንድ የነጠላ ዚኒያ መደብ ለኔ ብዙ ነው። ለዓይን ብቻ ነው እንዴ አበባ የሚተከለው?


የጣና_ዳር_ጓሮ
ጥቅምት 27፣ ምሽት 1፡15

ሁለታችሁም አትጣሉ። ማርቆሴ ድርብ ብቻ ከፈለገ መንገድ አለው፤ አድካሚ ነው እንጂ። አራቱን ድርቦች ይምረጥ። ሊከፈት ሲል እንቡጡን በስስ ሻሽ ከረጢት ይሸፍነው፣ ንብ እንዳይደርስ። አንዳንዴ የድርቧ አናት ላይ ዘግይተው የሚወጡ ጥቂት ቢጫ ኮከቦች አሉ። እነሱን በለስላሳ ብሩሽ ነክቶ ወደ ሌላዋ ድርብ ያሻግር። በየጠዋቱ፣ ለሳምንት ያህል። ዘሩን ይያዝ። ከርሞም እንዲሁ። ሦስት አራት ዓመት ቢታገሥ የራሱን ዘር ያገኛል።

ካልታገሠ "ኤፍ 1" ያልተጻፈበት ተራ የዘር ፓኬት ይግዛ። እሱ ከሌላ ዚኒያ ካልተዳቀለ ወላጁን ይመስላል።


ማርቆሴ
ኅዳር 29፣ ምሽት 2፡00

ሰላም ናችሁ? ጠፋሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከታመሙት 9ኙን ነቀልኩ። የታች ቅጠሉን ጨረስኩት። ወተቱን ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ሦስተኛው ላይ እናቴ ቡና ላይ ጨመረችው። ነጩ ነገር ቆሟል ባልልም ወደ ላይ መውጣቱን ትቷል።

አራቱን ድርቦች ሻሽ አለበስኳቸው። መንገደኛው አሁንም አጥሩ ላይ ይቆማል፣ አሁን ግን "ታመሙ እንዴ?" እያለ። ከአራቱ አንዷን ነፋስ ሰበረብኝ። ከሦስቱ ራስ ዘሩን ትናንት ለቀምኩ። ጋዜጣ ዘርግተን፣ እኔና እናቴ። አንድ በአንድ በጥፍር እየተጫንን። ከሦስቱ ራስ ፍሬ ያለው 47 ብቻ ነው። ሌላው እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ። እናቴ ጥፍሯ ከእኔ ይበልጣል፣ ሳትጫን ታውቀዋለች።

ነጠላዎቹን አልነቀልኩም። ያቺን የዛገ ቆርቆሮ የመሰለችውን ልነቅል ስል እናቴ እጄን ያዘች። ለካ በጠዋት ፀሐይ ስትታይ የጠጅ ቀለም አላት። "ይቺን ከነካህ አልምርህም" አለች። የእሷን ዘር ለብቻ በመርፌው ፓኬት ውስጥ አስቀምጣለች፣ ኤፍ 1 በሚለው።

አያ፣ ነጠላ ከፈለጉ ብዙ አለኝ።


የቀፎ_ጌታ
ኅዳር 29፣ ምሽት 2፡25

እፈልጋለሁ እንጂ። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መኪና ስታገኝ ለረዳቱ በፖስታ ስጠውና ቁጥሩን በውስጥ ላክልኝ። ከጠጇም ጥቂት ጣል ብታደርግ። እናትህን አስፈቅደህ ነው ታዲያ።


ከእንጅባራ
ኅዳር 29፣ ምሽት 2፡31

ለእኔም አስቀምጥልኝ። እስከ የካቲት እጠብቃለሁ።


ማርቆሴ
ኅዳር 29፣ ምሽት 2፡50

ጠየቅኋት። ለአያ 10 ፍሬ፣ ለእንጅባራ 5። "የብርድ አገር ሰው ያበላሸዋል" ብላ ነው። እኔ የለሁበትም።